ለገና እንዲቀላ

እግሬ ቤት አይረግጥም ነበር። እናቴ «እሾህ ላይ ነው እንዴ የወለድኩሽ?» ትለኝ ነበር። አምቦን ከገበያው እስከ ፍልውሃው፣ ከፍልውሃው እስከ ሁሉቃ ድልድይ በቀን ስንት ጊዜ እንደምመላለስባት የሰፈራችን ሰው ሁሉ ያውቃል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ሥራ የለኝም፣ ባል አልፈልግም፣ ቤት ውስጥ ደግሞ አየር ያጥረኛል። እንግዲህ እንዲህ ያለሁት ሰው ነኝ ጀንበር ባዘቀዘቀች ቁጥር ካለሁበት እየሮጥኩ ቤት ገብቼ አንድ አበባ ላይ ካርቶን ስደፋ የከረምኩት።

አበባውን ያመጣው ታላቅ ወንድሜ ነው። ጉደር አንድ ግቢ ውስጥ የግንብ ሥራ ሲሠራ፣ ከአጥሩ ሥር ከበቀለው ቁጥቋጦ አንድ ቅርንጫፍ ለምኖ መጣ። የእርዳታ ዘይት የነበረበትን ባዶ ቆርቆሮ ሥሩን በምስማር በስቶ፣ አፈርና የፍየል በጠጥ ቀላቅሎ ተከለውና ሳሎን መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። ስሙን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እሱ «የገና አበባ» አለው፣ እኛም እንደዚያው አልነው። ዓመቱን ሙሉ ተራ ቅጠል ነው፤ ሲቀነጥሱት ነጭ ወተት ያወጣል። ታኅሣሥ ሲቃረብ ግን ጫፉ ላይ ያሉት ቅጠሎች እንደ በርበሬ ይቀላሉ። በመጀመሪያው ገና ቤታችን የመጣ እንግዳ ሁሉ ፕላስቲክ እየመሰለው ሳይነካው አይቀመጥም ነበር። ወንድሜም «ቀስ! ቀስ!» እያለ ከሰው እጅ ሲከላከል ዋለ።

በዚያው ዓመት ክረምቱ ሳይገባ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ሄደ። ሰሜን ነው ከማለት በቀር የት እንደደረሰ የነገረን የለም፤ ደብዳቤም አልመጣም። እናቴ የሳሎኑን አምፖል ሌሊቱን ሙሉ ማብራት የጀመረችው ያኔ ነው። ቤታችን ከለቀምት መንገድ ዳር ነው። «በጭነት መኪና ተሳፍሮ በሌሊት ቢደርስ ቤቱ ጨልሞ አያግኘው» አለች። እኔም ደግ አደረግሽ አልኳት። መብራቱ ምን ይጎዳል ብዬ ነው?

ሁለተኛው ገና መጣ። አበባው አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ። ጠበቅን፣ ቅጠሉን ጠረግን፣ ቆርቆሮውን ወደ ፀሐይ አዞርን። አንዲት ጎረቤታችን «ከምንጩ ውሃ አጠጡት፣ ሰውን የሚያድን ውሃ ቅጠል ያቅተዋል?» ብትለን፣ እኔ ሞኟ የሚፈላውን የአምቦ ውሃ በጀሪካን እያመላለስኩ አጠጣሁት። የቅጠሉ ዳር ዳር እሳት እንደነካው እየተለበለበ ይረግፍ ጀመር። ገና ዕለት እናቴ አበባውን ቆማ ብዙ አየችውና «ልጄ የለም ማለት ነው» አለች። የጾም መፍቻውን ዶሮ ሳትቀምስ ገብታ ተኛች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ የሰነበተችው እስከ ጥምቀት ነው። እህል በግድ ነበር የማጎርሳት። ፈራሁ። ወንድሜን አጥቼ እናቴንም የማጣ መሰለኝ።

ከጥምቀት በኋላ የጓሮ ክፍላችንን ለአንድ የእርሻ ተማሪ አከራየነው። የእጃጂ ልጅ ነው፣ ረጋ ያለ፤ ጠዋት ጠዋት እናቴን በኦሮምኛ «አካም ቡልተኒ፣ እማማ» ብሎ እንዴት አደሩ ሳይል አይወጣም። እናቴ «ነጋ»፣ ሰላም ነው፣ ብላ ለመመለስ ስትል ከአልጋዋ መነሳት ጀመረች። አበባውን አይቶ የማን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ሁሉንም ቅርንጫፍ ስንዝር ስንዝር አስቀርቶ ቆረጠው። እናቴ መቀሱን ስታይ «አትንካው!» ብላ ጮኸች። «እማማ፣ ካልተቆረጠ ይመነምናል፤ በክረምቱ ያቆጠቁጣል» ብሎ እጇን ይዞ አለዘባት። እውነትም ክረምቱን ከቤቱ ክፈፍ ሥር አቆይተነው ቅጠል በቅጠል ሆነ። ለመስቀል ወደ መስኮቱ መለስነው።

ጥቅምት ሲገባ ልጁ በራችን ላይ ቆሞ አምፖሉን እያየ እንዲህ አለ፦ «ይሄ ተክል ዱከነ ነው የሚወደው፣ ጨለማ። ከአሁን ጀምሮ ማታ ማታ ድቅድቅ ያለ ጨለማ ካላገኘ አይቀላም። ቀኑ ያልመሸ ይመስለዋል።»

እኔ እናቴን አየኋት።

«መብራቱ አይጠፋም» አለች።

«እሺ፣ አበባውን ወደ መኝታ ቤት እናስገባው።»

«ልጄ ያስቀመጠው እዚህ ነው። እዚሁ ይቆያል።»

እናቴ አንዴ ከተናገረች ተናገረች ነው። ልጁ ሳቀና «እንግዲያው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ካርቶን ድፉበት፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አንሱለት። አንድ ማታ መዝለል ግን የለም» አለ።

መንገድ ማዶ ሱቅ ካለው ነጋዴ ትልቅ የሳሙና ካርቶን ለመንኩ፤ ቀዳዳውን በጋዜጣ ደፈንኩ። በመጀመሪያው ምሽት ስደፋው እናቴ ከማድ ቤት ወጣች። «ፊቱን ሸፈንሽው!» ብላ የያዘችውን ሳህን ጣለች። ሬሳ ነው የታያት። ተንበርክኬ፣ አልቅሼ፣ በስንት ልመና ዝም አሰኘኋት። ከዚያ በኋላ ሳይነጋገሩ የተስማሙ ሰዎች ሆንን፤ እኔ ካርቶኑን ሳነሳ እሷ ፊቷን ታዞራለች። በእጇ ግን አንድም ቀን አልነካችውም።

የእኔ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ልብ አድርጉ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው አምቦ የምትጥመው። ሙቀቱ ይበርዳል፣ ጓደኞቼ ከፍልውሃው ፀጉራቸው እንደረጠበ ይወጣሉ፣ ወሬው የሚደራው ያኔ ነው። እኔ ግን ወሬውን መሃል ላይ ጥዬ እሮጣለሁ። ጉደር የጓደኛዬ ሠርግ ላይ ጭፈራው ገና ሲሟሟቅ ተነስቼ መኪና ፍለጋ ወጣሁ፤ ሙሽራዋ እስከ ዛሬ ትቀየመኛለች። ሰፈሩ ውስጥ ደግሞ ለተከራያችን ስል የምሮጥ ነው የመሰላቸው። ባለሱቁ ሳይቀር «ዛሬም ቸኩለሻል፣ እንግዲህ ቁርጡን ንገሪንና ለሠርጉ ስኳር እናዘጋጅ!» እያለ ይስቅብኛል። «አበባ ልሸፍን ነው» ስለው ይብሱን ይስቃል። እንደ እውነቱ ከሆነ አበባውን ጠላሁት። አንዳንድ ማታ ካርቶኑን ስደፋ ቆርቆሮውን ከነነፍሱ በመስኮት ብወረውረው ብዬ ተመኝቻለሁ። ከዚያ ከጀርባዬ የእናቴን ትንፋሽ እሰማለሁ፤ ፊቷን አዙራ ቆማለች።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ካርቶኑን አነሳሁ። ጫፉ ላይ ያለች አንዲት ቅጠል ደም ሥሯ ቀልቷል። «እማዬ!» አልኩ። መጥታ ጎንበስ ብላ አየቻት። «አለ!» አለች። «ልጄ አለ!» እልል ብላ ጎረቤቱን ሰበሰበች። ካርቶኑ ነው ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ እሷ ግን ካርቶኑን በእጄ ይዤው እያየችው ነው። እያወቀች ምልክቱን ፈለገችው። ደስ አለኝ፤ ተናደድኩም። የእኔ ሩጫ ሁሉ ለወንድሜ ተቆጠረለት። በሦስተኛው ገና ግን እናቴ ዶሮውን በላች፣ ጠላውን ደግማ ጠጣች፣ እንግዳውን ሁሉ «ቀስ! ቀስ!» እያለች ከአበባው ታባርር ነበር።

ከገና በኋላ ያለውን እኔው ተማርኩት። ቀይ ቅጠሉ እስከ ዓቢይ ጾም ቆየ። ውሃ የማጠጣው አፈሩን በጣቴ ነክቼ ሲደርቅ ብቻ ነው፤ የበር ንፋስ እንዳያገኘው መስኮቱን ዘጋሁ። ከፋሲካ በኋላ በራሴ እጅ ቆረጥኩት። ተማሪው ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ደንዲ ተመድቦ ሄደ። ወንድሜ አልመጣም፣ ወሬውም አልመጣም፣ አምፖሉም አልጠፋም።

በዚያ ክረምት ታይፕ ተማርኩ። ነሐሴ ላይ አክስቴ ከአዲስ ዓለም ላከችብኝ፤ እዚያ አንድ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ይፈልጋል፣ በጥቅምት ጀምሪ አሉ። ሥራ! የራሴ ጠረጴዛ፣ የራሴ መንገድ! ከደስታዬ ብዛት ፍልውሃው ድረስ ሮጬ ተመለስኩ። ቤት ስደርስ ዓይኔ ከክፈፉ ሥር የተቀመጠው ቆርቆሮ ላይ ወደቀ። አዲስ ዓለም ሩቅ አገር አይደለም፤ ግን እዚያ ውሎ በየቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አምቦ የሚደርስ ሰው የለም። እኔ ከሄድኩ የሚሸፍነው የለም። ካልተሸፈነ አይቀላም። ካልቀላ ደግሞ እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፤ በዚህ ጊዜ ተነሺ የሚላት ሰው በቤቱ የለም።

ለመንኳት። «እማዬ፣ ማታ ማታ አንቺ ድፊበት።»

«እኔ በእጄ የልጄን ፊት አልሸፍንም።»

«እንግዲያው መብራቱን አጥፊው።»

ነጠላዋን እያጣፋች ወደ ማድ ቤት ገባች። እኔም «እሺ፣ አልሄድም!» ብዬ በሩን ወርውሬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ የነበርኩትን እኔን ያላየ ምን አየ! ከሳሎን ማድ ቤት፣ ከማድ ቤት ጓሮ። ድስቱን አንኳኳለሁ፣ ያጠብኩትን መልሼ አጥባለሁ። እናቴ በርጩማዋ ላይ ሆና በዓይኗ ብቻ ትከተለኛለች።

ጥቅምት ገባ። የመጀመሪያው ቀን ማምሻ ላይ ካርቶኑን ከአልጋዬ ሥር አወጣሁና ወደ መስኮቱ ሄድኩ።

«ተይው» አለች እናቴ።

ተነስታ ወደ ግድግዳው ሄደችና ማብሪያውን ተጫነችው። ወንድሜ ከሄደ ጀምሮ ሳሎናችን በምሽት ሲጨልም ያየሁት ያን ዕለት ነው። ዕቃው ሁሉ ጠፋብኝ፤ ካርቶኑን እንደታቀፍኩ ቆሜ ቀረሁ።

«እማዬ፣ በሌሊት ቢመጣስ?»

በርጩማዋን ስትጎትት ሰማኋት። በሩ አጠገብ አስጠግታ ተቀመጠች።

«እስካሁን መብራቱ ይጠብቀው፣ እኔ እተኛ ነበር» አለች። «አሁን እኔ እጠብቀዋለሁ። አንቺ ሂጂና ልብስሽን አዘጋጂ።»

በበነጋው ሄድኩ። ሥራውን ወደድኩት፣ አዲስ ዓለምንም ወደድኳት፤ እሑድ እሑድ ሳይቀር የማላውቀው መንገድ እየፈለግኩ እዞር ነበር። ስለ ማታው ግን ላለማሰብ እጥር ነበር። የገና ዋዜማ አምቦ ከአውቶቡስ ወርጄ ወደ ቤት ስደርስ ጠራራ ፀሐይ ነው። አበባው በመስኮቱ ታየኝ፤ አንድም አረንጓዴ ጫፍ አልቀረውም። እናቴ በሩ አጠገብ በርጩማዋ ላይ ራሷን መቃኑ ላይ አስደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል። ከስታለች፣ የዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ኮቴዬን ስትሰማ ብንን ብላ ተነሳችና በወንድሜ ስም ጠራችኝ።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ» አልኳት።

ዓይኗን ጠርጋ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። «አንቺም እኮ ልጄ ነሽ» አለችኝ። «ነይ፣ ግቢ።»