ኦሪቱ በቤታችን የከረመበት ክረምት

በ1973 ዓ.ም. ክረምት መስጊዳችን የገበሬ ማኅበሩ እህል ማስቀመጫ ሆነ። እኛ ቤተ እስራኤሎች መስጊድ የምንለው የጸሎት ቤታችንን ነው። ቄሳችን ኦሪቱን በሸማ ጠቅልለው ወደ እኛ ቤት አመጡት፤ ጣሪያችን አያፈስም ነበር።

ቤታችን አንድ ክፍል ነው። አራት ልጆችና አማቴ አሉ፤ አንዲት ጥጃም አለች። ኦሪት ባለበት ገላ አይገለጥም፤ ውስጥ እግር ወደ እሱ አይዞርም፤ ክፉ ቃል አይወጣም። ባለቤቴ ከምሰሶው እስከ ግድግዳው ጋቢ ዘረጋ። እኔ መኝታችንን ወደ ማዶ አዞርኩ። አማቴ ጥጃዋን ወደ በሩ እየጎተቱ፣ «ምነው አንቺ፣ ኦሪቱ የይቺን እምቧ ሲሰማ ሊከርም ነው?» አሉኝ። ሳቅን፤ ቶሎም ዋጥነው።

አንድ ቀን ባለቤቴ ከገበያ ወሬ ይዞ መጣ። ካድሬዎች ነገ የዕብራይስጥ መጽሐፍ ፍለጋ ቤት ለቤት ይፈትሻሉ። ያን ጊዜ ዕብራይስጥ ማስተማር ክልክል ነበር። በእኛ ቤት ያለው መጽሐፍ ኦሪቱ ብቻ ነው። አይተው ሳይለዩ ከወሰዱት መንደራችን ሌላ የለውም።

«ወደ መርገም ጎጆ ይሂድ» አሉ አማቴ። ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ተለይታ የምትቀመጥባት ጎጆ ናት። «እንኳን ካድሬ፣ የገዛ ባሏም አይደርስባትም።»

ብልህ ምክር ነበር። እኔ ግን፣ «እማማ፣ በየወሩ ሰባት ቀን ከቤቴ የምርቀው ለእሱ ክብር አይደል? አሁን እሱን እዚያ ልጣለው?» አልኩ።

«ቢወስዱትስ?» አሉ አማቴ።

«ከወሰዱት ንጹሑን ይውሰዱት።»

ባለቤቴም፣ «እሷ እንዳለችው ይሁን» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ወንዝ ወርጄ ታጠብኩ፤ ቄሱን አስጠራሁ፤ በሩን ከፈትኩት። ሁለት ካድሬዎች መጡ። አንደኛው በጭቃ ጫማው ገብቶ እጁን ወደ ጋቢው ሲሰድ ፊቱ ቆምኩ።

«ወንድሜ፣ ኦሪት ነው፤ አልደበቅነውም። ጫማህን አውልቅ፤ እጅህን ታጠብ። የሚገልጡልህ ቄሱ ናቸው።»

«ታዛለች እኮ!» አለ ለጓደኛው።

የውኃ ቅሌን ይዤ ቆምኩ። አየኝ፤ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ፈታ፤ ታጠበ። ቄሱ ሸማውን ገልጠው አንድ ገጽ አሳዩት።

«ይህማ ግእዝ ነው። የምንፈልገው ዕብራይስጥ ነው» ብሎ ወጣ። ጓደኛውም ተከተለው።

እግዚአብሔር ይመስገን። ቄሱ ሸማውን መልሰው ጠቀለሉ። እኔም የካድሬው ጫማ ያመጣውን ጭቃ ጠርጌ፣ በቦታው ንጹሕ ሣር ጎዘጎዝኩ።