ጎህ ሲቀድ ወደ ሙሉቀን ቤት

ከአዲስ አበባ ስነሳ የምሄደው ለሥራ ነው ብዬ ነበር። ከኮማንዶ ጦር ከተሰናበትኩ ወዲህ ለአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ትረካ አዘጋጃለሁ፤ የአሁኑ ደግሞ ልጃቸው ከግዳጅ ስላልተመለሰ አንዲት የጎጃም እናት ነው። ለአለቃዬ ያልነገርኩት፣ ልጁን ሙሉቀንን በእጄ የቀበርኩት እኔ መሆኔን ነው። ሦስት ዓመት ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ማይክራፎን ከያዝኩ ምላሴ ይፈታ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

ደብረ ማርቆስ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት

ትኩስ ሽሮ በልቼ ለእናትየው ጎረቤት ለጋሽ ደሴ ደወልኩ። የሙሉቀን ጓደኛ መሆኔን ነገርኳቸውና እንደ ባለሙያ ትእዛዜን ደረደርኩ። ባጃጁና ወፍጮው ቀረጻዬን ሳይበጠብጡብኝ ጎህ ሲቀድ እደርሳለሁ፤ ንግግራቸው ከልብ እንዲወጣ መምጣቴ አስቀድሞ አይነገራቸው፤ እንዳይደናገጡም የሚቀርባቸው ሰው አጠገባቸው ይሁን። ምክንያቶቹን ግን በሆዴ ያዝኩ፤ ስለ ሬዲዮ አንድም ቃል አላነሳሁም። ጋሽ ደሴ «ይሁን» ብቻ ብለው ዘጉ። ስልክ የማይወዱ ሰው ናቸው ብዬ ተኛሁ።

አማኑኤል፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል

በመጀመሪያው ሚኒባስ ትንሿ ከተማ ደረስኩ። ጉሙ ከመንገዱ ማዶ ያሉትን ሱቆች ውጧቸዋል። የባጃጁ ሹፌር የማን ቤት እንደምሄድ ጠየቀኝ፤ ስነግረው የከፈተውን ዘፈን አጠፋ። አስፋልቱ ዳር ሲያወርደኝ ሒሳቡን ብሰጠው እጁን ሰበሰበ። «ዛሬስ አልቀበልም» ብሎ ዞሮ ሄደ።

በገብሱ ማሳ መሐል ያለውን የእግር መንገድ ያዝኩ። የንፋሱን ድምፅ ልቅዳ ብዬ የጆሮ ማዳመጫዬን አደረግሁ። ከንፋሱ በታች የእግር ኮቴ ይሰማል። የአንድ ሰው አይደለም፤ የብዙ ሰው እግር ጭቃውን እየረገጠ ይመጣል። ስቆም ይቆማል። ዞርኩ።

ጉሙ ውስጥ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ቆመዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አውልቀዋል።

ከፊት የነበሩት ሽማግሌ ጋሽ ደሴ መሆናቸውን ነገሩኝ። «በጎህ እመጣለሁ፣ አይነገራት፣ ብቻዋን አትሁን ስትለኝ ገብቶኛል፤ አገሩን የሰበሰብኩት እኔ ነኝ» አሉ። «በል ቅደም።»

መርዶ የሚነገረው እንዲህ እንደሆነ እኔም ከልጅነቴ አውቃለሁ። ተሳስታችኋል፣ የሬዲዮ ሰው ነኝ ለማለት አፌን ከፈትኩ። ነገር ግን የተሳሳቱት ነገር አልነበረም። ፈራሁ፤ ወደ ኋላ እንዳልመለስ ደግሞ መንገዱን ሞልተውታል።

ቤቱ፣ ፀሐይ ስትወጣ

የሙሉቀን እናት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ የሴቶቹን ነጠላ አዩ። የእጄን መቅረጫ በጣታቸው አመለከቱ።

«እሱን ዝጋና ንገረኝ።»

ዘጋሁት። «በእጄ ቀብሬዋለሁ፣ እናቴ። ከዛሬ ሦስት ዓመት በፊት።»

ከኋላዬ ሴቶቹ ዋይታውን ጀመሩ። እሳቸው ግን ገና አላለቀሱም። ጠጋ ብለው ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ስሙን ለጸሎት ለቄሱ ከሕያዋን ጋር ስሰጥ ኖሬያለሁ» አሉ። «ልጄን ያለ ፍትሐት ያስቀመጥከው አንተ ነህ።»

ለእሳቸው አዝኜ ዝም ያልኩ ይመስለኝ ነበር። ለራሴ ኖሯል።

አዲስ አበባ

ሁለት ቀን ሐዘን ተቀምጬ ተመለስኩ። አለቃዬን ፕሮግራሙ የለም አልኩት፤ ምክንያቱንም ነገርኩት። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ለሬዲዮ ከመነገሩ በፊት ለሰው መነገር ያለበት ነገር መኖሩን ነው።

ልሰናበታቸው ስነሳ ወይዘሮ ጥሩወርቅ የክርስትና ስሜን ጠይቀውኝ ነበር። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«የሙሉቀንን ስም ወደ ሙታን ማዛወሬ ነው» አሉኝ። «በሕያዋኑ በኩል ቦታው ባዶ ከሚሆን የአንተን አስገባለሁ።»