የጢማሙ ፍም

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ናትናኤል ስልኩ ላይ የድብድብ ጌም እየተጫወተ ሶፋው ላይ ሲወራጭ አየሁት። «አጎቴ፣ ተፋላሚዬ ኃይሉን አልወረውር አለኝ» አለ። ተቀበልኩትና አውራ ጣቴን ከታች ወደ ጎን ጠረግ አድርጌ የቡጢውን ምልክት ነካሁት። ከተፋላሚው መዳፍ ሰማያዊ ብርሃን ተወረወረ። አርባን ያለፈ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ያውቃል ብሎ አልጠረጠረም።

ልጅ ሳለሁ፣ የካ ውስጥ፣ ኮብልስቶን ገና ባልተነጠፈበት ቁልቁለት ላይ፣ ጋሽ በላቸው ከቤታቸው አንዱን ክፍል ጌም ቤት አድርገውት ነበር። አንድ ቴሌቪዥን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። ክረምት ነው፤ ትምህርት ተዘግቷል፤ ጫማችን ጭቃ፣ እጃችን የበቆሎ ጥብስ ጥላሸት።

ሁላችንም የምንመርጠው ተፋላሚ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ ሽማግሌ ነበር፤ ጢማሙ እንለዋለን። ከመዳፉ የሚወረውረውን ብርሃን ፍም አልነው። በቀላል ቡጢ ሲወረወር እያዘገመ ይሄዳል፣ በከባዱ ይፈጥናል፣ ጢማሙ ዘሎ ከአየር ላይ ሲለቀው ቁልቁል ይወርዳል። ከስክሪኑ ግርጌ ያለው የኃይል መስመር ሲሞላ፣ ጣት ሁለት ጊዜ ተጠርጎ የሚመጣው ትልቁ ፍም ግን ሌላ ነው፤ እሱ ያገኘው ሰው አበቃለት።

አውራ ጣትን ከታች ወደ ቀኝ ጠርጎ ቡጢ መምታት ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም። ችግሩ፣ ፍሙ የሚወጣው በግራው ጆይስቲክ ብቻ ነበር። የቀኙ ሞቷል ተባለ፤ ጋሽ በላቸውም ሁለት ጊዜ ፈትተው ገጠሙት። በጌም ቤቱ ሕግ ተሸናፊ ይነሳል፣ አሸናፊ ግራውን ይይዛል። ያን ክረምት ግራውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን ባላጋራዬ በላዬ ዘሎ ከኋላዬ አረፈ። ጢማሙ ወደ ግራ ሲዞር ጣቴም ሳላስበው ወደ ግራ ሄደ፤ ፍሙ ወጣ። ያኔ ገባኝ። ጆይስቲኩ ጤነኛ ነው፤ ጣት የሚሄደው የጢማሙ ፊት ወደዞረበት ነው። የቀኙን የያዘ ሰው ግን ጢማሙ ከስክሪኑ ቀኝ ቆሞ ወደ ግራ እያየ፣ እሱ ወደ ቀኝ ይጠርጋል። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። እውነቱን ለመናገር ንግሥናው ጥሞኝ ነበር።

ሃዊ የምትባል እኩያዬ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በባሕር ዛፉ መሃል በእግሯ እየወረደች ትመጣለች። በመጣች ቁጥር ትሸነፋለች። ከተነሳች በኋላ ግን አትሄድም፤ ግድግዳ ተደግፋ ታየናለች።

ትምህርት ሊከፈት ሲል አንድ ቅዳሜ ሞቷል የተባለውን ጆይስቲክ ይዛ መስመሯ እስኪሞላ ጠበቀች። ከዚያ ጣቷ ሁለት ጊዜ ወደ ግራ ጠረገ። ትልቁ ፍም ከቀኝ መጥቶ ዋጠኝ። ቤቱ በጩኸት ተናጋ።

«እንዴት አደረግሽው?» አሏት ጋሽ በላቸው።

«ጆይስቲኩ ምንም አልሆነም እኮ፣ ጋሼ። ፊቱ ወደሚያይበት ነው።»

ሕግ ነውና ተነሳሁ። ባጠገቧ ሳልፍ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ታውቅ ነበር አይደል? ጣትህን አይቼዋለሁ» አለችኝ። ልጆቹ ክረምቱን ሙሉ እንዳታለልኳቸው ቢሰሙ ያን ቤት ዳግም አልረግጠውም ነበር። እነሱ ግን «እሱ ራሱ አያውቅም ነበር!» እያሉ ሳቁብኝ። ሃዊም አብራ ሳቀች፤ ለማንም አልተናገረችም። እንደዚያን ቀን ሲሳቅብኝ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«ማን አስተማረህ?» አለኝ ናትናኤል።

«ራሴ ነኝ ያገኘሁት።»

«ከዚያ ለጓደኞችህ አሳየሃቸው?»

ልጅ ሲጠይቅ ቀላል ይመስለዋል። «አላሳየኋቸውም» አልኩት። ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ብዙ የተገረመ አልመሰለኝም። «ለእኔ ግን ታሳየኛለህ» አለና ጠጋ አለልኝ። ወደ ግራ ሲዞር እንዴት እንደሚወረወር ጀምሬ ሁሉንም አሳየሁት።