ለሴትሱ ፊት የሚሆን ሌንስ

ቶኩጂ ዕድሜውን ሙሉ የኦሳካን ትራም ሲነዳ የኖረ ደፋር ሰው ነው። ሚስቱን ሴትሱን ፎቶ ለማንሳት ሲሆን ግን ወኔው ይከዳዋል። ካሜራ ካየች ፊቷን በእጇ ትሸፍናለቻ!

በዝናቡ ወር ከጎረቤታቸው ከኦኪኑ ቀብር እንደተመለሱ፣ ሴትሱ ጫማዋን ሳታወልቅ ደጃፍ ላይ ቆመች።

"የኦኪኑን ፎቶ አየኸው? ልጆቿ ከሰርግ ፎቶ ላይ ቆርጠው ነው ያቆሙላት! የሰው ትከሻ ሁሉ ይታያል። እኔ እንዲህ አልዋረድም። የቀብሬን ፎቶ አንተ ታነሳኛለህ። አንዴ ብቻ!"

ካሜራውስ አለ፤ ባትሪ የማያውቅ፣ በአውራ ጣት የሚጠመዘዝ ሽማግሌ። ሌንሱ ግን ቁም ሳጥን ውስጥ ቀን ቀን ከሚታጠፈው ፍራሽ ጋር ከርሞ ሻግቷል። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ካሜራን ከፍራሽ ጋር የሚያስተኛ ሰው የእጁን ነው ያገኘው።

ካሜራውን ይዘው ሁለቱም ወደ ሱቅ ሄዱ። ያገለገለ ካሜራ የምትሸጠው ካዮኮ ረጅም ሌንስ ገጠመችለት። "ለፊት ይሄ ነው፣ አባባ። ራቅ ብለው ስለሚያነሱ አፍንጫ አያተልቅም።"

ሴትሱ ጆሮዋ ደክሟል። "ምን አለች?"

"ጥሩ ሌንስ ነው አለች!" ሲል ጮኸላት።

"ውሸታም! አፍንጫዬን ነው የምታሙት።" የሚነካትን ነገር ስትሰማ ግን ጆሮዋ ጉድ ነው!

ቶኩጂ ፊቷ በልክ እስኪገባለት ወደ ኋላ ሲል ሲል ከሱቁ ወጥቶ መንገድ ላይ ቆመ። አፍንጫዋ አምሯል። ፊቷ ግን ድርቅ ብሏል።

"ፈገግ በይ!"

"ምን?"

"ፈገግ!"

"ከማን ጋር ነው የምታወራው?" ብላ ፊቷን ሸፈነች።

ቶኩጂ ካሜራውን ዝቅ አደረገ። አንዴ ብቻ ብላዋለች፤ ቀድማው ብትሞት እድሜ ልኩን የሚያየው ይህንን የተኮሳተረ ፊት ሊሆን ነው።

"ና ወዲህ!" አለች ሴትሱ። "ልጄ፣ ቀረብ ብሎ የሚያነሳ የለሽም?"

"አለ፣ እማማ፤ ግን አፍንጫ ትንሽ ያጎላል።"

"ያጉላው! ከእናቴ የወረስኩት እንጂ የሰረቅሁት አይደለም። ይሄ ሰውዬ የሚቀባጥረውን ካልሰማሁ በምን ልስቅለት ነው?"

አጭሩ ሌንስ ተገጠመ። ቶኩጂ ጉልበቷ አጠገብ ተቀመጠና በዚያ በትራም ድምፁ ለፈፈ።

"ቀጣዩ ፌርማታ የሴትሱ አፍንጫ! ወራጅ ካለ ይዘጋጅ!"

ሴትሱ የወርቅ ጥርሷ እስኪታይ ከት ብላ ሳቀች። ቶኩጂም ቀጭ አደረገው።

ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ አገላብጣ አየችው። "ይሄማ ለቀብር አይሆንም።"

ቶኩጂ ክው አለ። "ለምን?"

"ሞቼ ላላየው ነው?" አለችና ሩዝ ከምትቀቅልበት በላይ ሰቀለችው። "ለቀብሩ ሌላ ታነሳኛለህ፤ አትቸኩል። ሌንሱን ብቻ ከፍራሹ ጋር እንዳታስተኛብኝ!"