የተሰረቁት ዎምባቶች

በጋና ክረምት በተገለባበጡበት በምድር ደቡብ ያለችው የቢሪንጋል ከተማ ሰው ገናን የሚያከብረው በላብ ነው። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይዋ አስፋልቱን እያቀለጠችው፣ እሱ መስኮቱ ላይ ከጣሳ የሚወጣ ነጭ አረፋ ይረጭና በረዶ ነው ይላል። የሥጋ ቤቱ ባለቤት ኔቪል የጥጥ ጺም አስሮ፣ ቀይ ካፖርት ደርቦ፣ የገና አባት ሆኖ፣ በዚያ ቃጠሎ ሕፃናትን ጭኑ ላይ ያስቀምጣል። አንድ ዓመት ራሱን ስቶ ወድቋል። ሕፃናቱ የዝግጅቱ ክፍል መስሏቸው አጨበጨቡ። እውነተኛው ብርድ፣ ጥርስ የሚያንገጫግጨው፣ ቧንቧ የሚያፈነዳው፣ ኮረብታው ላይ የሚወጣው ሐምሌ ላይ ነው። ሐምሌ ላይ ደግሞ አንድም በዓል አልነበረም።

ይህን ግፍ ያረመችው ኖሪን ታክዌል ናት።

ኖሪን ዕድሜዋን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ የኖረች ሴት ናት። የአውቶቡሷ ሕግ አጭር ነበር፤ አፉን የከፈተ ይወርዳል። ዛሬ ቢሪንጋል ውስጥ ጺም አብቅሎ፣ ቦርጭ አውጥቶ፣ ስለ አገር ጉዳይ የሚተነትነው ወንድ ሁሉ በልጅነቱ አንዴ ከኖሪን አውቶቡስ ወርዶ በእግሩ ቤቱ ገብቷል። ጡረታ ከወጣች ወዲህ እንኳን መንገድ ላይ ሲያገኟት ቀበቶአቸውን ያስተካክላሉ።

በዓሉ የተጀመረው በባሏ በሌስ ምክንያት ነው። አንድ ገና ሌስ ለሚስቱ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ ሽፋን ሰጣት። እሷም እንደ ሥርዓቱ አመሰገነች፣ ጉንጩን ሳመች፣ ነገሩንም በሆዷ ይዛ ከረመች። ሐምሌ ላይ ቧንቧው ሲፈነዳ እሷም አብራ ፈነዳች። ሽፋኑን ይዛ መጠጥ ቤት ሄደችና ቢራው አጠገብ ዘረጋችለት።

"ሌስ፣ ይሄን ነገር አልወደድኩትም። መልሼልሃለሁ።"

ሌስ ሽፋኑን አየ። ቢራውን አየ። ማምለጫ በሩን አየ።

"ልክ ነሽ" አለ።

መጠጥ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። በዓመቱ ሌሎችም ተከተሏት፤ ከዚያ ወዲያ የመመለሻ ቀን የከተማዋ ቋሚ በዓል ሆነ። ዛፍ የለ፣ መዝሙር የለ፣ መሳሳም የለ። ሐምሌ በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሰው ሁሉ አዳራሽ ይሰበሰባል፤ ኖሪን በአሳማ አጥንት የምትሠራውን የአተር ሾርባ ይጠጣል፤ ከዚያ እየተነሳ፣ ለገና የተሰጠውንና ያልወደደውን ዕቃ ለሰጪው ይመልሳል። ሰጪው "ልክ ነሽ" ወይም "ልክ ነህ" ከማለት በቀር ትንፍሽ ማለት አይፈቀድለትም። ኔቪል ለአማቱ የሰጣት የሰው ሚዛን በሁለተኛው ዓመት ተመለሰለት። ቄሱ ለምእመናን ያደሉት የራሳቸው የታተመ ስብከት በካርቶን ተመለሰላቸው፤ "ልክ ናችሁ" አሉ፣ ሾርባም ደገሙ።

በዚህ የተነሳ ሰፊው የቢሪንጋል ሕዝብ ራሱን ግብዝነትን የቀበረ ሕዝብ አድርጎ ይቆጥራል። ጎረቤት ከተማ ሲሄድ ይህንኑ ሳይጠየቅ ያወራል።

በነዚያ ሁሉ ዓመታት ግን ስጦታው የሚመለስለት ሰው ተብሎ የኖሪን ስም አንድም ቀን ተጠርቶ አያውቅም።

"መስጠትም ዕውቀት ይጠይቃል" ትላለች ስትጠየቅ። ሳትጠየቅም ትላለች።

በየገናው ለከተማው ሰው የምትሰጠው ከሸክላ የተሠራ ዎምባት ነው። ዎምባት ትራስ የሚያክል፣ እግረ አጭር፣ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር እንስሳ ነው፤ ፈጣሪ ሲሠራው ብዙ የተጨነቀበት አይመስልም። ኖሪን ከዚያም ባነሰ ጭንቀት ትሠራዋለች። ጀርባው ላይ እስክሪብቶ ማስቀመጫ ቀዳዳ አለው። ሆዱ ላይ የተቀባዩ ስም በምስማር ተጽፏል።

ባለፈው ክረምት፣ የመመለሻ ቀን ሳምንት ሲቀረው፣ ኖሪን ጥርሷን ለማስነቀል ኩንዳ ወደምትባለው ከተማ ሄደች። ሐኪሙ እስኪደርስላት ከብርዱ ለመሸሽ የበጎ አድራጎት ማኅበሩ ያገለገሉ ዕቃዎች ወደሚሸጡበት ሱቅ ገባች። ጥግ ላይ አንድ ሙሉ መደርደሪያ ዎምባት ተኮልኩሎ አፍጥጦ ጠበቃት።

"እነዚህ ምንድን ናቸው?" አለች፣ ድምጿን እንደምንም ይዛ።

"እሱን ለማወቅ ስብሰባ ሁሉ ተቀምጠናል፣ የኔ ቆንጆ" አለች ሻጯ። "እኔ ድንች ነው ባይ ነኝ። ሥራ አስኪያጃችን ጉማሬ ነው ትላለች።"

"ዎምባት ናቸው።"

"ተይ እባክሽ!" ሻጯ አንዱን አነሳችና አገላበጠችው። "የቱ ጋ?"

"ማነው የሚያመጣቸው?"

"የቢሪንጋል ሰዎች። ገና ባለፈ ቁጥር እየመጡ ያራግፉብናል። የመኪናቸውን ሞተር እንኳን አያጠፉም። እዚያ አንዲት ሴትዮ አለች አሉ፣ ከተማው በሙሉ ይፈራታል።"

ኖሪን ሆዳቸውን እያየች ገለበጠቻቸው። ኔቪል። ቄሱ። ፖሊሱ ዌይን። ከታች ደግሞ ጆይሊን። ሌላው አበሳጫት፤ የጆይሊን ግን አንጀቷን አቃጠላት። ጆይሊን አጥር ለአጥር የምትኖር ጎረቤቷ ናት፤ አብረው ልጅ አሳድገዋል፤ የጆይሊን ባል ክላይቭ ሲሞት ሬሳውን ያጠበችው ኖሪን ናት።

"ሁሉንም እፈልጋቸዋለሁ። ስንት ነው?"

"ስንት ነው? ውሰጂያቸው ብቻ! እስከ መኪናሽ እኔ ራሴ እሸከምልሻለሁ።"

ጥርሷን ሳታስነቅል ተመለሰች። ሌስ ኩሽና ውስጥ ጋዜጣ ያነባል።

"ታውቅ ነበር?"

"ምኑን?"

"ሌስ!"

"አውቅ ነበር።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"የምተኛው እዚሁ ቤት ነው፣ ኖሪን።"

የዎምባቶቹን ካርቶን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። "ቅዳሜ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ዓይኔን እያየ 'አልወደድኩትም' ካላለኝ በዓሉን እዘጋዋለሁ። ፈሪ ሁላ! የጣሳ በረዶውን እየረጨ ገናውን ያክብር።"

"የሚልሽ ከተገኘስ?"

ኖሪን እስከዚያ ድረስ አላሰበችበትም ነበር።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። ሾርባው ተጠጣ፤ ጥቂት ፎጣዎችና አንድ የአሳ ማጥመጃ ዘንግ ተመለሱ፤ ሰው ሳቀ። ከዚያ ኖሪን ተነሳችና ጥግ ላይ ካለው ጠረጴዛ ሸራውን ገፈፈች። ዎምባቶቹ በሰልፍ ቆመዋል። ሳቁ ቀጥ አለ።

"ኩንዳ ያገኘኋቸው ናቸው" አለች። "ስማችሁ ሆዳቸው ላይ አለ። እንዴት እዚያ እንደደረሱ የሚነግረኝ ሰው አለ?"

መጀመሪያ የተነሳው ኔቪል ነው። በሬ በአንድ እጁ የሚገለብጥ ሰው ነው።

"አገኘሽልኝ!" አለና ዎምባቱን እቅፍ አደረገው። "ተሰርቄ እኮ ነው! ለሚስቴ እንኳን መንገር ከብዶኝ ነው የከረምኩት።"

"ተሰርቀህ ነው?"

"ሌሊት ገብተው።"

"እኔም ተሰርቄያለሁ" አሉ ቄሱ፣ ጣሪያውን እያዩ። የመጠጥ ቤቷ ባለቤት ተሰርቃለች። መምህሩ ተሰርቋል። በየወንበሩ "እኔንም! እኔንም!" ተባለ። አድርባይነት እንዲህ ሲደራጅ አይቶ የማያውቅ ሰው እዚያ መገኘት ነበረበት። በመጨረሻ ዓይን ሁሉ ፖሊሱ ዌይን ላይ አረፈ፤ ዌይን ሳይወድ ተነሳ።

"አንተስ?" አለችው ኖሪን።

"እኔም... ተሰርቄያለሁ።"

"ከየት?"

"ከጣቢያው። ከጠረጴዛዬ ላይ።"

"ሌላ ምን ወሰዱብህ?"

"ሌላ ምንም።"

"ሽጉጥህንስ?"

"ሽጉጡን አልነኩትም" አለ ዌይን፣ ጆሮው እንደ ቲማቲም ቀልቶ።

እንግዲህ ቢሪንጋልን አንድ የሌባ ቡድን ቤት ለቤት ዞሯታል፤ ቴሌቪዥኑን አልፎ፣ ወርቁን አልፎ፣ የመንግሥትን መሣሪያ አልፎ፣ የሸክላ ድንች ሰብስቦ ሄዷል። ይህን ሰምቶ የሳቀ የለም። ሁሉም ራሱን በሐዘን ነቀነቀ።

ጠረጴዛው ላይ አንድ ዎምባት ቀረ።

"ጆይሊን" አለች ኖሪን። ድምጿ የአውቶቡሱ ድምፅ አልነበረም። "አንቺም ተሰርቀሻል?"

ጆይሊን ሹራቧን እየቆለፈች ተነሳች። ቆልፋ ስትጨርስ መልሳ ፈታችው።

"አልተሰረቅኩም። ራሴ ነኝ የወሰድኩት።" ዎምባቱን አንስታ ለኖሪን ዘረጋችላት። "አስቀያሚ ነው፣ ኖሪን።"

አዳራሹ ውስጥ አንድ ማንኪያ ወደቀ። ኖሪን የምትለው ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ ሕጉን ያወጣችው ራሷ ናት። እሷው ጣሰችው።

"ምኑ ነው አስቀያሚው?"

"ፊቱ።"

"ፊቱ ምን ሆነ?"

"ክላይቭን ይመስላል። እሳት ልሞቅ በተቀመጥኩ ቁጥር ከመደርደሪያው ላይ ሆኖ፣ ልክ እንደዚያ እንደ ድሮው፣ 'እራት የታለ?' እያለ ያየኛል። አንዴ ተነሥቼ ድንች ልጬለታለሁ።"

ኖሪን ዎምባቱን ወደ መብራቱ አቀረበችው። የተንጠለጠለ ከንፈር። ወደ ውስጥ የገቡ ትንንሽ ዓይኖች። በነገር ሁሉ ቅር የተሰኘ አገጭ። ቁርጥ ክላይቭ።

"ልክ ነሽ" አለች። "እኔ ሳላስበው..."

"ማስረዳት ክልክል ነው።"

"ልክ ነሽ።"

ጆይሊን አጠገቧ ያለውን ወንበር ሳበችላት። ኖሪን ተቀመጠች። ሁለቱም የተረፈ ሾርባቸውን አማሰሉ።

"ሾርባውስ?" አለች ኖሪን።

"ደህና ነው።"

"ሙች በይኝ።"

"ጨው ያንሰዋል። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ።"

ኖሪን ሳቋ አመለጣትና በእጅጌዋ አፏን ያዘች። ይህን ያየ ሕዝብ ወዲያው ድፍረት ተሰማው። ኔቪል ዎምባቱን እንደያዘ ቀረብ አለ።

"ይሄውልሽ ኖሪን፣ እውነቱን ለመናገር እኔም..."

"አንተማ ተሰርቀህ ነው" አለች ኖሪን፣ ቀና ብላ። "እንኳን ተገኘልህ። ዌይን! ሌቦቹ ተመልሰው ቢመጡስ? በየወሩ ቤት ለቤት እየዞርን ማየት አለብን። እኔም አብሬህ እዞራለሁ።"

ዌይን ጆሮው እንደቀላ ነው፤ "እሺ" አለ፤ ሌላ ምን ሊል ይችላል?

በዓሉ ዛሬም አለ። የሾርባው ጨው ተስተካክሏል። ወር በገባ ቁጥር ፖሊስና ኖሪን በር ያንኳኳሉ፤ የቢሪንጋል ሕዝብ በየሳሎኑ የተቀመጠውን ዎምባት አቧራ ጠርጎ ይጠብቃቸዋል። ከእሳት ማንደጃዋ በላይ ያለው መደርደሪያ ባዶ የሆነላት ጆይሊን ብቻ ናት፤ እግሯን ዘርግታ እሳቷን ትሞቃለች።