ሱሪው የማይወልቀው አሻንጉሊት

ሰፈሩ «እትዬ ድርብ» የሚላቸው ልብስ ሰፊ፣ አንድ ስፌት ይበቃል የሚባለውን ነገር ከናካቴው አያምኑበትም። እጅጌ ሁለት ጊዜ፣ ኪስ ሁለት ጊዜ ይሰፋል። እሳቸው የሰፉት ልብስ ጨርቁ ያልቃል እንጂ ስፌቱ አይለቅም።

አንድ ጠዋት የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው አዋቂዎች ከሚውሉበት ማእከል አንዲት ነርስ መጣችና ሁለት የጨርቅ አሻንጉሊት አዘዘች፤ አንድ ወንድ፣ አንድ ሴት። ስለ ሰውነታቸው ልታስተምርባቸው ነው። «ልብሳቸው የሚወልቅ፣ ከውስጥም ምንም ያልጎደላቸው ይሁኑ» አለች። የእትዬ ድርብ ፊት በርበሬ መሰለ። ግን ሥራ ሥራ ነው፤ እሺ አሉ።

በሳምንቱ ነርሷ ሁለቱንም ታቅፋ ተመለሰች።

«እትዬ፣ ሱሪው እኮ አይወልቅም! አሥራ ሁለት ሰው ተራ በተራ ጎትቶ አቃተው።»

«ጨዋ ነዋ!» አሉ እትዬ ድርብ፣ ዓይናቸውን ከስፌት መኪናው ሳያነሱ።

ነርሷ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከሳቋ ስትመለስ፣ «ልጅዎንም ይላኩልኝ እንጂ፤ ቦታ አለኝ» አለች።

እዚህ ላይ ቀልዱ አበቃ። ልጃቸው ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ነገር ቶሎ አይገባትም፤ አንዴ ከገባት ግን አይወጣም። እዚያው ሱቅ የተበላሸ ስፌት የምትተረትረው እሷ ናት፤ በዚህ ሙያ የሚደርስባት የለም። «የተኛ ነገር አልቀሰቅስም» አሉ እናት ቆጣ ብለው። ይህን ጉድ ካወቀች አንዱ አታሎ መከራዋን ያበላታል ብለው ነው የፈሩት። እስካሁን ከክፉ ያተረፋት አለማወቋ ይመስላቸው ነበር።

ነርሷ አሻንጉሊቶቹን ጠረጴዛው ላይ ትታ ሄደች። እትዬ ድርብ በር ድረስ ሸኝተዋት ሲመለሱ፣ ልጅቱ ሥራ ጀምራ ኖሯል። ያ ሁሉ ድርብ ስፌት ተተርትሮ፣ ሱሪና ቀሚሱ በሥርዓት ታጥፎ ጎን ተቀምጧል።

«እማዬ፣ ይሄ ምን ይባላል?»

«እንትን።»

«ይሄስ?»

«እሱም እንትን።»

«ሁሉም እንትን ከሆነ በምን ይለያል?»

እትዬ ድርብ ሳቃቸው አመለጣቸው። በሩን ገርበብ አድርገው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይሄ ብልት። ይሄ ጡት። ይሄ መቀመጫ። ያንቺ የራስሽ ነው፤ ካልፈቀድሽ ማንም አይነካውም። በቃ!» ላብ አጠመቃቸው። ሃያ ሰባት ዓመት የፈሩት ነገር አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

ልጅቱ ቃሉን ደጋገመችው። «ጡት። ጡት።» ከዚያ ጣቷን የሴቷ አሻንጉሊት ደረት ላይ አድርጋ፣ «ዚፕ የሚያመጣው ሰውዬ የእኔን ጡት ይነካል። አልወድም» አለች።

ዚፕ አምጪው እትዬ ድርብ «ወንድሜ» የሚሉት፣ «ልጄን አደራ» ብለው ሱቁን ትተውለት የሚሄዱት ሰው ነው። ወንበር ስበው ከልጃቸው ጎን ተቀመጡ።

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም፣ ልጄ?»

«በምን ስሙ ልንገርሽ?»

እናት አለቀሱ። የስፌት መኪናውን እንደተከፈተ ትተው ለነርሷ ደወሉ።

«ነይልን። መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ታደርሺናለሽ» አሉ። «ከዚያ ልጄን መዝግቢያት። እኔንም መዝግቢኝ።»