የአመድ ጉድጓዱ ሰውዬ

ባለፈው ጥቅምት የልጅ ልጄ ከወልድያ ወጣ ብሎ የተዘረጋውን የባቡር ሐዲድ ካላሳየሁሽ ብሎ በባጃጅ ወሰደኝና፣ የዛገ ብረትና የቅባት ሽታ ገና አፍንጫዬን ሲነካው፣ እኔ አሮጊቷ ነጠላዬን ሰብስቤ፣ ጉልበቴ እየተንቋቋ፣ በሆዴ ተኝቼ ከቆመው ፉርጎ ሥር ማየት ጀመርኩ። ዘበኛው ደነገጠ፤ ልጁም በእፍረት ሊሞት ደርሶ «እማማ፣ ምን ጠፍቶብሽ ነው?» አለኝ። ምን ብዬ ልንገረው? ጋሽ ተሰማን አያውቃቸው።

ጋሽ ተሰማ በመርሳ ገበያ ዳር ቆርቆሮ እየቆረጡ ኩራዝና ማንቆርቆሪያ የሚሠሩ ጎረቤታችን ነበሩ። እኔ የአስር ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ከድሬዳዋ ከመጡ ገና ጥቂት ዓመታቸው ነው። የከሰሉ ባቡር ቀርቶ የናፍጣው ሲተካ ሥራውን ተውኩት እንጂ የታወቅሁ ባቡር ነጂ ነበርኩ ይላሉ፤ እኛም አምነን ባቡረኛው እንላቸዋለን። ያኔ በመርሳ ሹፌር ማለት ከቄሱ ቀጥሎ የሚከበር ሰው ነው፤ ባቡር ነጂማ ምኑ ይወራል! ሰርግ ላይ ከሽማግሎቹ መሃል ይቀመጣሉ፤ የዶሮው ፈረሰኛም ለእሳቸው ይወጣል።

አንድ ቀን ግን በላይ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር፣ ሰው ላይ ካልቀለደ እህል የማይፈጭለት፣ አባቴ ሱቅ በር ላይ ሰው በተሰበሰበበት «ባቡር እንደሁ መሪ የለው፣ መንገዱንም ሐዲዱ ይዞለታል፤ ታዲያ አንቱ ምኑን ነው የነዱት?» አላቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ አባቴም ጭምር። ጋሽ ተሰማ ሦስት ቀን ሥራ ሳይነኩ ቆዩና በአራተኛው የጓዳቸውን በር ከማጠፊያው ነቅለው ሁለት በርሜል ላይ አጋደሙት። ባቡር ከመንገድ ሲመለስ የሚገባበትን ግቢ አሳንሰው ሊሠሩና የበላይን አፍ ሊያስይዙ ነው።

ያ ክረምት እኔ ከሱቃችን ባዶ ጣሳ ሳመላልስላቸው አለቀ። ባቡር ማለት እንደ በቅሎ ነው፣ ከመንገድ ሲገባ ይጠጣል፣ ይበላል፣ ከሥሩም ይጠረግለታል እያሉ ያስረዱኛል። ከቲማቲም ጣሳ በአራት እግሩ የቆመ የውሃ ማጠራቀሚያ ሠሩ፣ የከሰል ማከማቻ ሠሩ፣ ባቡሩ ተሽከርክሮ ፊቱን የሚያዞርበትን ክብ መድረክ ደግሞ ከባለቤታቸው ከእትዬ አበበች የድስት ክዳን አወጡት። በመጨረሻ የበሩን መሃል በመጋዝ ቀደው፣ ባቡሩ ከላዩ ቆሞ አመዱን የሚያራግፍበትን ጉድጓድ አበጁለት። እትዬ አበበች በራቸው እንደማይመለስ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያ ፍየል ጓዳቸው በገባች ቁጥር ባላቸው እንዲሰሙ ጮክ ብለው «ግቢ፣ ግቢ፣ የባቡሩ እንግዳ!» ይሏታል።

ሰው ሥራቸውን ለማየት ሊጋበዝ አንድ ቀን ሲቀረው የሠሩትን ባቡር በዘይት እንድወለውል ሰጡኝ። ከላይ ሲያዩት ያው የዘይት ጣሳ ነው፤ የነጂው ክፍል ባዶ ሳጥን፣ አንዲት እጀታ እንኳ የለበትም። ገልብጬ ሆዱን ባየው ግን፣ ወይ ጉድ! ቧንቧው፣ ዘንጉ፣ ብሎኑ አንድ በአንድ ተደርድሯል፤ የአመድ ማራገፊያዋ በር ሳትቀር በቀጭን ሽቦ ስትሳብ ትከፈታለች። ጉድጓዱ ውስጥ ደግሞ ጣት የማያህል የቆርቆሮ ሰውዬ የአመድ መጥረጊያውን ይዞ ወደ ላይ አንጋጦ፣ በሽቦ ተደግፎ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ነጂውስ የታለ?» አልኳቸው።

«ዝም ብለሽ ወልውዪ!»

ልጅ ብሆንም ገባኝ። ጋሽ ተሰማ ባቡርን የሚያውቁት እንደዚያ ሰውዬ ከሥሩ ነው። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ ነገ ሰው ሲስቅባቸው ሳስበው ግን እህል አልወርድ አለኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢው በሰው ሞላ። በላይ ከደሴ ያሳፈራቸውን አንድ ባለ ባርኔጣ ሽማግሌ አስከትሎ ገባና «የድሬዳዋን ባቡር ዕድሜ ልካቸውን የነዱ ሰው አመጣሁላችሁ፤ እሳቸው ይፍረዱን!» አለ። የጋሽ ተሰማ ፊት አመድ መሰለ። እኔ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ዘልዬ የቆርቆሮውን ሰውዬ ከጉድጓዱ መንትፌ፣ ቀሚሴ ኪስ ስላልነበረው አፌ ውስጥ ከተትኩት። እንግዳው ጎንበስ ብለው የማን ልጅ እንደሆንኩ ቢጠይቁኝ «እምም» አልኩ፤ ድዳ መስያቸው ራሴን በሐዘን ዳበሱኝ።

ሽማግሌው ውሃውን አዩ፣ ከሰሉን አዩ፣ የድስቱን ክዳን አሽከረከሩ። ባዶው የነጂ ክፍል ላይ ሲደርሱ ውስጡን በጣታቸው ዳበሱ፤ በላይ ፈገግ ማለት ጀመረ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ከነክት ልብሳቸው በሆዳቸው ተኝተው በርሜሎቹ መሃል ገቡና በጉድጓዱ በኩል የባቡሩን ሆድ እያዩ ቆዩ፣ ቆዩ። አቧራቸውን እያራገፉ ሲነሡ ዓይናቸው ቀልቷል።

«እኚህ ሰው ባይኖሩ» አሉ ወደ ሰዉ ዞረው፣ «እኔ ከድሬዳዋ አንዲት ክንድ አልነቃነቅም ነበር።»

ግቢው በእልልታ ተናጋ፤ በላይም ሳይወድ በግዱ ጠጅ ጋበዘ። ሽማግሌው ሲሰናበቱ ወደ ጋሽ ተሰማ ጆሮ ጠጋ ብለው «ያ አመድ ዓይንህን ማረልህ ወይ፣ ወንድሜ?» ሲሉ የሰማሁ እኔ ብቻ ነኝ። ጋሽ ተሰማ እጃቸውን ይዘው አልለቅ አሉ።

በማግስቱ ሰውዬውን አጥቤ ወሰድኩላቸው። አገላብጠው አዩት፤ መልሰው መዳፌ ላይ አኖሩትና «ማነው ይሄ? አላውቀውም» አሉ። እኔም ይዤው ወጣሁ። ጋሽ ተሰማ ፈረሰኛቸውን እየበሉ፣ ባቡር ነጂ እንደተባሉ ኖረው አረፉ። እትዬ አበበች በሩን ወደ ቦታው መለሱት፤ በአመድ ጉድጓዱም ድመቷ ስትወጣና ስትገባ ኖረች። ዛሬ በሩም ቤቱም የለም።

ፉርጎው ሥር ደረቅ ጠጠር ብቻ ነው ያለው፤ ጉድጓድ የለ፣ አመድ የለ። ከመሐረቤ ቋጠሮ ሰውዬውን አውጥቼ ባቆመው ይወድቅብኛል፣ ባቆመው ይወድቅብኛል። ያን ቀን «እኔ ግን አውቀዋለሁ፣ ጋሼ፤ ከነጂውም አስበልጬ የምወደው እሱን ነው» ሳልላቸው መቅረቴ ዕድሜዬን ሙሉ ይቆጨኛል።

ልጁ አጠገቤ ተንበረከከ። «እማማ፣ ማነው ይሄ?»

«ባቡረኛው ነው» አልኩት።